ረጅም ስም ያላቸው ፋይሎች

ባለፈው ሳምንት ልጄ ከኮሌጅ ደወለልኝ። ኬሚስትሪ የመረጥኩት አንቺ ገፋፍተሽኝ ነው እያለ ዛሬም ይከሰኛል፤ ሲቸግረው ግን የሚደውለው ለኔ ነው። የሞለኪውል ቅርጽ የሚሥሉበት ፕሮግራም “አዲስ ትልቅ እትም ሊወጣ ነው፤ የሙከራውን ቅጂ ጭናችሁ ፈትሹልን” የሚል መልእክት እየላከ አስቸግሮታል።

“ልጫነው ወይስ ይቅርብኝ?” አለኝ።

“ጫነው። በፊት ግን ሥራህን ሌላ ቦታ አስቀምጥ” አልኩትና ተሰነባበትን። ደሴ ዝናብ ይዞን ነበር። የታጠበ ልብስ እያጣጠፍኩ ነበር፤ ትቼው ተቀመጥኩ። ሐሳቤ መቀሌ ገብቶ ነበርና።

ከብዙ ዓመት በፊት ነው፤ ያን ክረምት ዩኒቨርሲቲው ጭር ብሏል። ተማሪው ወዳገሩ ሄዷል፤ መምህራኑም አብዛኞቹ የሉም። እኔ ረዳት መምህርት ሆኜ መቀሌ ከገባሁ ገና ብዙ አልቆየሁም፤ የማስተርስ ጽሑፌን ልጨርስ ብዬ ቀረሁ። ጽሑፌ ስለ እሬት ነበር። እሬት ውስጥ ያሉት ንጥረ ነገሮች ምን ዓይነት ቅርጽ እንዳላቸው በኮምፒውተር እየሣልኩ አሰላለሁ። የምኖረው ቀዳማይ ወያነ፣ ወይዘሮ ለተብርሃን የሚባሉ ሴት ግቢ ተከራይቼ ነው። ሰፈሩ ሁሉ “ኣደይ ለተብርሃን” ይላቸዋል፤ እኔም እንደ ሰፈሩ ኣደይ፣ እናቴ፣ ብዬ እጠራቸው ጀመር።

የመቀሌ ክረምት እንደኛ አገር ክረምት ቀኑን ሙሉ አያላዝንም። ጠዋት ጠራ ያለ ፀሐይ ይወጣል፤ ከሰዓት በኋላ ደመናው ከተራራው ወርዶ አንድ ጊዜ ያወርደውና ይሄዳል። ከዚያ የድንጋይ አጥሩ ታጥቦ ያበራል፤ አፈሩ ይሸታል። በየመንገዱ ዳር በለስ የሚሸጡ ሴቶች ሳፋቸውን ዘርግተው ይቀመጣሉ። ሁለቱን ጫፍ በቢላ ቀንጠስ፣ መሐሉን ሰንጠቅ ያደርጉና ቅርፊቱን እንደ ካፖርት ገልጠው ቀዝቃዛውን ፍሬ ያቀርቡልሻል። እሾኹን እነሱ ናቸው የሚችሉት። እኔ አንድ ቀን ራሴ ልላጥ ብዬ ጣቴ ውስጥ የገባው የማይታይ እሾኽ ለቀናት እንቅልፍ ነስቶኛል።

ክፍሎምን የተዋወቅኩት አምስት እጅ ባለው ካርቦን ምክንያት ነው።

የኮምፒውተር ክፍሉን የሚያስተዳድር፣ ከመቀሌ ወጣ ብላ ያለችው የቁሓ ልጅ ነው። ቀጭን፣ ፈጣን፣ ሲያስብ ጆሮውን የሚያሽ ሰው። አንድ ጠዋት ደጃፉ ላይ ሳልፍ ጠራኝ።

“ሓፍተይ፣ ኬሚስትሪ ታውቃለች አሉኝ። እስቲ ይሄ ልክ ነው?”

እህቴ ማለቱ ነው። ገብቼ አየሁት። ስክሪኑ ላይ አንድ ካርቦን አምስት እጁን ዘርግቶ አምስት ሃይድሮጂን ይዟል።

“ካርቦን ያለው አራት እጅ ነው” አልኩት።

“ፕሮግራሙ ግን ዝም አለኝ። አልከለከለኝም።”

“እንግዲያው ፕሮግራሙ ኬሚስትሪ አልተማረም።”

ከት ብሎ ሳቀ። “ከሚሠሩት አንዱ እኔ ነኝ። እኔም አልተማርኩ!”

ነገሩን ያስረዳኝ ያን ቀን ነው። ፕሮግራሙ ባለቤት የለውም፤ ወይም ባለቤቱ ብዙ ነው። በየአገሩ ያሉ ፈቃደኞች በትርፍ ጊዜያቸው ይጽፉታል፤ የፈለገ ሰው ገልጦ ያነበዋል፣ ያርመዋል፣ በነጻ ይወስደዋል። ክፍሎም ማንም ሳይልከው ገብቶ ፋይል የሚከፍተውንና የሚያስቀምጠውን ክፍል ይጽፍላቸው ነበር። አሁን ከብዙ ጊዜ በኋላ ትልቅ እትም ሊያወጡ ነው፤ ከዚያ በፊት የሚችል ሁሉ የሙከራውን ቅጂ ወስዶ እንዲያስቸግረው፣ እንዲሰብረውም ተጠይቋል። ክፍሎም ኮድ ያውቃል፤ ሞለኪውል አያውቅም። እኔ ሞለኪውል አውቃለሁ፤ ኮድ አላውቅም። ተስማማን።

ሐምሌ እንዲህ አለፈ። ጠዋት ጠዋት ኮምፒውተር ክፍሉ ውስጥ እኔ ፕሮግራሙን የማይሆን ነገር እንዲሥል አዘዋለሁ፤ እሱ የሆነውን ጽፎ ይልካል። ከሰዓት ዝናቡ ሳይመጣ ወጥተን ፉል እንበላለን። አንድ እሑድ ኣደይ ለተብርሃን ጥሕሎ ሠርተው ጠሩን። የገብሱን ድብልብል በባለ ሁለት ጣት እንጨት እየወጋን ወጡ ውስጥ ስንነክር፣ ክፍሎም አንዱን ድብልብል መሐል አድርጎ አራት በዙሪያው ሰካና “እዪ፣ አራት ብቻ!” ብሎ አሳየኝ።

“ወደይ፣ ልጄ፣ ቁሓ ምግብ የለም እንዴ? መጫወቻ አደረግኸው!” አሉት ኣደይ። በትልቅ እጃቸው ሞለኪውሉን ነቅለው አጎረሱት።

ያን ጊዜ አንድ ምሥጢሩን ነገረኝ። ውጭ አገር ለመማር አመልክቷል። የፕሮግራሙ ኃላፊ፣ በአካል አይቶት የማያውቀው ሽማግሌ ሰው፣ ትልቁ እትም እንደወጣ የድጋፍ ደብዳቤ ሊጽፍለት ቃል ገብቶለታል። ክፍሎም ይህን ሲነግረኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር፤ ጮክ ብሎ ቢናገር የሚበተንበት ይመስል።

ፍልሰታ እንደገባ እኔ ከሙከራው ወደ ጽሑፌ ተመለስኩ። “የራሴን ሥራ በነባሩ ቅጂ ልቀጥል ወይስ በአዲሱ?” ብዬ ጠየቅኩት።

“በአዲሱ ሥሪ። ፋይል የሚያስቀምጠውን እኔ ነኝ የጻፍኩት፤ አትስጊ።”

ፋይሎቼን የምሰይመው በአማርኛ ነበር። የእሬቱን ዓይነት፣ የተለቀመበትን ቦታ፣ የንጥረ ነገሩን ነገር ሁሉ ስሙ ላይ አስገባለሁ። ያን ቀን ሁሉንም በአዲሱ ቅጂ ከፍቼ አንድ በአንድ መልሼ አስቀመጥኳቸው። እንዳይጠፉብኝም ወደ ፍላሼ ገለበጥኳቸው። ጥንቃቄ መሆኑ ነበር።

በማግሥቱ ስከፍታቸው ባዶ ናቸው። ስማቸው አለ፤ ውስጣቸው ነጭ። ፍላሹን ሰካሁት፤ እሱም የገለበጠው ባዶውን ኖሯል። ከፋሲካ ጀምሮ የሠራሁት ሁሉ። እየሮጥኩ ክፍሎም ጋ ሄድኩና ነገርኩት። መጀመሪያ ከአፉ የወጣው ቃል ይህ ነበር፦

“ለምን በእንግሊዝኛ አልሰየምሽውም?”

ሥራዬ መጥፋቱን ያን ያህል አላለቀስኩበትም። በዚህ ግን እንባዬ መጣ።

“በገዛ ፊደሌ መጻፌ ነው ጥፋቱ? ያንተስ ፊደል አይደለም እንዴ?” ብዬው ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ ኮምፒውተር ክፍሉ አካባቢ አልደርስም አልኩ። ቤቴ ተቀምጬ በወረቀት ላይ የቀሩኝን ሥዕሎች አየሁ፤ እንደገና መጀመር እንዳለብኝ ገባኝ፤ ለመጀመር ግን እጄ አልታዘዝ አለኝ። ኣደይ ለተብርሃን ሕልበት ሠርተው ያቀርቡልኛል። የሚወደድ ነገር ነው፤ ባቄላው ተመትቶ እንደ አረፋ ነጭ ብሎ፣ ከሥልጆው ጋር። በሦስተኛው ጉርሻ አቆማለሁ።

“ጓለይ፣ ልጄ፣ ሕልበቴ ከፋ?”

“አልከፋም፣ ኣደይ።”

“ታዲያ ያ የቁሓ ልጅ የት ጠፋ? ሬዲዮኔን ፈትቶ ሄዶ ብሎኑ በየቦታው ተበትኗል።”

ሳህኑን አንሥቼ ወደ ጓዳ ገባሁ።

ክፍሎም የመጣው አንድ ከሰዓት ዝናቡ ሊያበቃ ሲል ነው። ባጃጅ ከበራፉ አውርዶት ሄደ። ጫማው ጭቃ፣ ጃኬቱ እርጥብ፤ በረንዳው ላይ ቆመ እንጂ አልገባም።

“ስህተቱን ልይዘው አልቻልኩም” አለ። “በግዕዝ ፊደል ስም ሰጥቼ ሞከርኩ፤ ያስቀምጣል። ለኃላፊው ጻፍኩለት፤ ሌላ ማንም አልገጠመውም አለኝ። ‘ደግመህ ልታሳየኝ ካልቻልክ እትሙ ይወጣል’ አለኝ። ያንቺ ኮምፒውተር ያስፈልገኛል። አንቺም።”

“የነገርከኝን ታስታውሳለህ?”

ጆሮውን አሸ። “ሓቅኺ። ልክ ነሽ። ደንግጬ ነው፤ ግን ድንጋጤ መልስ አይሆንም። ይቕረታ።”

ይቅርታውን የተቀበልኩት ወዲያው አልነበረም። በማግሥቱ ጠዋት ኮምፒውተሬን ይዤ የሄድኩት ተናድጄ እንደሆንኩ ነው። እትሙ እንዲሁ ከወጣ ግን በሌላ አገር በሌላ ፊደል የሚጽፍ አንድ ሰው እንደኔ ጠዋት ተነሥቶ ባዶ ፋይል ሊያይ ነው፤ ይህ ሐሳብ አላስቀመጠኝም።

ኮምፒውተር ክፍሉ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ክፍሎም ሁሉን በአንድ ላይ እየለዋወጠ ይሞክራል።

“እንዲህ አይሆንም” አልኩት። “ቤተ ሙከራ ውስጥ ብትሆን መምህሩ ያባርርህ ነበር። አንድ ነገር ብቻ ቀይር፤ ሌላውን እንዳለ ተወው። ስትሞክር ምን ብለህ ነበር የሰየምከው?”

“ሀ። ከዚያ ለ።”

ሳላስበው ሳቅሁ። “እንዲህ ያለ ስም ለፋይሉ ማን ያወጣለታል? እንደኔ ሰይመው።”

ከአንድ ፊደል ጀምረን አንድ አንድ እየጨመርን አስቀመጥን። ይከፈታል። ይከፈታል። ስሙ ሲረዝም አንድ ቦታ ላይ ባዶ ሆነ። ፊደሉን ቀንሰን ሞከርን፤ ዳነ። ጨመርን፤ ባዶ። ክፍሎም ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ። ከዚያ ኮዱን ከፍቶ ረጅም ጊዜ አነበበ።

ነገሩ ሲገባኝ ቀላል ነው። ኮምፒውተሩ ውስጥ አንድ የግዕዝ ፊደል የሦስት የእንግሊዝኛ ፊደል ቦታ ይይዛል። ኮዱ ግን ለፋይሉ ስም የመደበው ቦታ በእንግሊዝኛ ፊደል ልክ ነበር። ስሙ አጭር ሲሆን ይበቃል። ሲረዝም ፕሮግራሙ የድሮውን ያጸዳና አዲሱን ሊጽፍ ሲል ስሙ ተቆርጦበት መድረሻው ይጠፋዋል።

“ይሄን የጻፍኩት እኔ ነኝ” አለ።

ማረሚያውን ከምሳ በፊት ጨረሰው። በኔ ኮምፒውተር፣ በኔ ረጃጅም ስሞች ደጋግመን ሞከርነው፤ ያዘ። ከዚያ ሁሉም ፈቃደኞች የሚያነቡት ቦታ ላይ መልእክት ጻፈና አሳየኝ። ይህን ክፍል የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ የተሳሳትኩትም እኔ ነኝ፣ የገዛ ቋንቋዬን ፊደል በወጉ ሳልሞክር ይሠራል ብያለሁ፣ የባልደረባዬን ሥራ አጥፍቻለሁ ይላል።

“እንዲህ ብለህ ልትልከው ነው?” አልኩት። ደብዳቤው ትዝ ብሎኝ ነበር። “ስህተት ተገኝቷል፣ ማረሚያውም ይኸው ማለት ይበቃል እኮ።”

“በዚሁ እጅ የጻፍኳቸው ሌሎች ክፍሎችም አሉ። ማን እንደጻፈው ካላወቁ እነሱን ማን ይፈትሻቸዋል?”

ላከው። የተናደድኩበት ነገር ከውስጤ የወጣው ያን ጊዜ ይመስለኛል። በምሳ ሰዓት ፉል የጋበዝኩት እኔ ነኝ።

የሽማግሌው መልስ የደረሰው የአሸንዳ ሰሞን ነው። ጾሙ ተፈቶ ሴት ልጆች አዲስ ቀሚስ ለብሰው፣ አሸንዳ የሚባለውን ሣር ወገባቸው ላይ አስረው፣ ከበሮ እየመቱ መንገዱን ሞልተውታል፤ ድምፃቸው በመስኮት ይገባል። መልሱ አጭር ነበር። እትሙ ይዘገያል፤ ክፍሎም የጻፋቸው ክፍሎች በሙሉ እንደገና ይፈተሹ። ምስጋናም ወቀሳም የለውም። ሲፈተሹ አንድ ሌላ ስህተት ተገኘ፤ እሱም ታረመ። እትሙ መስቀል አካባቢ ወጣ። መቀሌ ውስጥ ያወቀ ሰው ከኛ ሌላ መኖሩን እጠራጠራለሁ።

የጠፋው ሥራዬ አልተመለሰም። መስከረምን በሙሉ ከወረቀቱ እያየሁ እንደገና ሣልኩት፤ ክፍሎም ከሥራው ሲወጣ እየመጣ ቁጥሮቹን ያስገባልኝ ነበር። አማካሪዬ ስለ መዘግየቴ አጉረመረመ፤ በመጨረሻ ግን ተቀበለኝ። የድጋፍ ደብዳቤው በዚያ ዓመት አልመጣም። በመልእክቱ ምክንያት ይሁን፣ ሽማግሌው ረስቶት ይሁን አላወቅንም፤ ክፍሎምም ዳግም አልጠየቀም። ለጥቂት ሳምንት አንገቱን ደፍቶ ከረመ፤ ከዚያ የኣደይ ለተብርሃንን ሬዲዮ ገጠመላቸው። መቀሌ ቀረ፣ አገባ፣ አስተማሪ ሆነ። እኔ ወደ ደሴ ተመለስኩ።

በጦርነቱ መቀሌ ስልክ ተቋርጦ የነበረበት ያ ረጅም ጊዜ ሲያልፍ የክፍሎምን ቁጥር ሞከርኩት። ጠራ። “ኣለና” አለኝ፤ አለን ማለቱ ነው። ብዙ ያልጠየቅኩት ነገር አለ፤ ብዙ ያልነገረኝም። ስለ ልጆቻችን አወራን፤ ከዚያ ወዲህ በየበዓሉ እንደዋወላለን። ኣደይ ለተብርሃን አርፈዋል። የክፍሎም ኮድም ዛሬ በፕሮግራሙ ውስጥ ያለ አይመስለኝም፤ ሌሎች ደጋግመው ጽፈውታል።

ቋንቋችን ለጥፋት መደበቂያ አያጣም። ብርጭቆው ተሰበረ እንላለን፣ ወረቀቱ ጠፋ፣ ሰዓቱ ረፈደ፤ የሰበረውና የጣለው፣ ያረፈደውም ሰው በዐረፍተ ነገሩ ውስጥ የለም። ብዙ ዓመት ሳስተምር ይህን ከተማሪ ሰምቻለሁ፣ ከአለቃ ሰምቻለሁ፣ ከራሴም አፍ ሰምቻለሁ። ትናንት ሁለተኛ ክፍለ ጊዜ ላይ ሰሌዳው ላይ የጻፍኩት ቀመር ሚዛኑን አልጠበቀም፤ ከኋላ የተቀመጠች ልጅ እጇን አውጥታ ነገረችኝ። “አዎ፣ ተሳስቷል” ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ቀመሩን ከሰሌዳው አጠፋሁትና ወደ ተማሪዎቹ ዞርኩ።

“ተሳስቻለሁ” አልኳቸው። ልጅቷ ፈራ ተባ እያለች እጇን አወረደች፤ እኔም እንደገና ጻፍኩት።