የቤዛ ግራ እጅ

በደሉ ይቅደም። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በሠራሁበት የሕፃናት ክሊኒክ ግድግዳ ላይ ውሸት ተሰቅሏል። ውሸቱ የአንዲት ልጅ ፎቶ ነው።

ሥራ የጀመርኩ ቀን ቴራፒስቷ አራቱን ጣት አንድ ላይ የሚሸፍን ወፍራም ጓንት አሳየችኝ። ወደኛ የሚመጡት ሴሬብራል ፓልሲ የሚሉት የአንጎል ጉዳት አንድ እጃቸውን ያደከመባቸው ልጆች ናቸው። ጓንቱ የሚጠለቀው በደህናው እጅ ነው፤ እሱ ሲታሰር ደካማው ሥራ ይለምዳል።

"ጤነኛ እጅ ማሰር ምን የሚሉት ሕክምና ነው?" አልኳት።

"ቆዪ፣ ታዪዋለሽ" አለችኝ። አየሁት።

እኔ ረዳት ነበርኩ። ልጆቹን አስቀምጣለሁ፣ ጓንት አጠልቃለሁ፣ የወደቀ መጫወቻ እለቅማለሁ። ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ያለው ቅርንጫፍ ሰው ሲያጥረው እዚያም ይልኩኛል።

የስድስት ዓመቷን ቤዛን እናቷ ከላንግሊ ፓርክ በባስ ታመጣት ነበር። ግራ እጇ እንደ ቡጢ የተጨበጠ ነው። ጓንቱን ቀኟ ላይ ሳጠልቅ "አይ ሄት ዩ፣ እማማ!" ትለኛለች።

"እኔም አልወድሽም። ኩባያውን ያዢ።"

ክረምቱን ሙሉ ተጣላን። አንድ ቀን ቡጢው ተፈታ። ኩባያውን በግራዋ አነሣች፤ ግማሹን ወተት ጠጣች፣ ግማሹን ቀሚሴ ላይ ደፋችው። እናቷ እልልታውን ስታቀልጠው ከጎን ያለው ቢሮ ሰው ሁሉ በር ላይ ተኮለኮለ።

ለጋሾች ሊጎበኙን በመጡ ዕለት ማናጀራችን ዳዊት፣ የኛው አገር ልጅ፣ ካሜራ ይዞ ገባ። ቤዛ በግራዋ አነሣች፤ ኩባያው ጋደል አለ። ዳዊት ጓንቱን አውልቆ ኩባያውን በቀኟ አስያዛት። "ስማይል!" አላት። ፎቶው "ሕክምናችን ያመጣው ለውጥ" ተብሎ ተሰቀለ።

ቀኝ እጇ እኮ ታሞ አያውቅም!

ከዚያ ወዲህ ቤዛ ግራ እጇን እጅጌዋ ውስጥ ትደብቅ ጀመር። አውጪው ስላት ፎቶውን በአገጯ እያመለከተች "ናት ዚስ ዋን"፣ ይሄኛው እጅ አይደለም፣ ትለኛለች። ኩባያ ማንሣቱንም ተወችው።

ዳዊትን ቢሮው ገብቼ "አውርደው" አልኩት።

"እማማ፣ ኦልረዲ አፕሩቭ ተደርጓል። እርስዎ አይጨነቁ።" አክብሮ ማባረር ያውቅበታል።

"ኩባያውን በግራዋ ይዛ ፎቶ አንሣት። ቢፈስም ይፍሰስ።"

"ወተት የሚፈስበት ፎቶ ፕሮፌሽናል አይደለም፣ እማማ።" የሱ ሸሚዝ ላይ አንድም ቀን ወተት ፈስሶ አያውቅም።

የዚህ ሥራ ትምህርት አጭር ነው፤ ደህናው እጅ ካልታሰረ ለደካማው ተራ አይደርሰውም።

ጡረታ የወጣሁ ቀን ለመጨረሻ ጊዜ ጠየቅኩት። እጅ የሚታከምበት ቤት አለቃ፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሣ መለሰልኝ፦

"እማማ ደግሞ! የትኛው እጅ እንደሆነ ማን ያያል?"