የተዘለለው ሰርግ

በመጀመሪያ ማን እንደሆንኩ ይታወቅ። ከዳዊት ደገማ ያለፈ ትምህርት ማንም አላስተማረኝም። እንግሊዝኛን ስኳር ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ላይ ራሴ ለቅሜ ያወቅሁ፣ ጎንደር ሲኒማ ቤት ሸራው አጠገብ ቆሜ የባዕድ ፊልም ለሕዝብ ያስረዳሁ፣ በዚያም ሥራ አቻ ያልተገኘልኝ ሰው ነኝ። ይህን መናገር ያስፈለገኝ ባለፈው ሳምንት አዘዞ ሻይ ቤት አንድ ጎረምሳ ስላበሸቀኝ ነው። ስልኩ ላይ ተሉጉ በሚባለው የህንድ ቋንቋ ፊልም የሚሠራ የአንድ ሽማግሌ ዳይሬክተር ፎቶ አውጥቶ፣ «የድሮ ሰዎች የህንድ ፊልም የሚያዩት ለዘፈኑ ነበር፤ ምን ገብቷቸው!» አለ። ሻዬን ሳልጨርስ ተነሣሁ። እኔ የዚያን ሰውዬ ሥራ ጠጉሩ ሳይሸብት ነው የማውቀው።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ፣ ጃንሆይ ለትምህርት ቤቱ ሁሉ የህንድ መምህራን በሚያስመጡበት ዘመን ነው። ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነበር። ከነሱ አንዱ መምህር ሱብያ ሒሳብ ያስተምሩ ነበር። ቋንቋቸው ተሉጉ ነው፤ ሲኒማ ቤታችን ከለመደው ሂንዲ ጋር አይገናኝም። የሚኖሩት ከአንድ ቀኛዝማች ግቢ በተከራዩት ክፍል ነው። ቀኛዝማች ግን አላመኗቸውም። «ሥጋ አይበላ፣ መስቀል አይሳለም፤ ምን ዓይነት ፍጥረት ነው?» እያሉ፣ ለገና ክፍሉን እንዲለቁ ሊነግሯቸው አስበው ነበር።

የነቢያት ጾም እንደገባ ከአሥመራ በሊማሊሞ የመጣው ማኪና የፊልም ሳጥኖች አራገፈ። ከሂንዲዎቹ ጋር አንድ የተሉጉ ፊልም በስህተት ተቀላቅሏል። መምህር ሱብያ በሳጥኑ ላይ የአገራቸውን ፊደል ሲያዩ እጃቸውን አሳረፉበት።

ሦስት ቀን ሙሉ፣ ከኮላ ድባ የመጣ የሽምብራ እሸት እየፈለፈልን፣ የፊልሙን ታሪክና የዳይሬክተሩን፣ ያን ጎረምሳው በስልኩ ያሳየኝን ሰውዬ፣ ነገር አጫወቱኝ። የገበሬ ልጅ ነው። የቲያትር መጋረጃ በመቀባት ጀመረ። ፊልም መሥራት ከያዘ በኋላ ግን የሚያቆመው ጠፋ፤ ጠዋት የአማልክት ታሪክ ይቀርፃል፣ ከሰዓት በኋላ የመንደር ወግ። አንዱ ሲወድቅበትና ሰው ሲስቅበት እሱ ሌላውን ጀምሯል። የጎንደር አፍ ለስሙ ስላልተፈታ፣ እኔ «አያ ትጉህ» አልኩት።

«ከሠራው ሁሉ የቱን ይወዱለታል?» አልኳቸው።

«ይህንን» አሉኝ፣ በዚያ በተሰባበረ አማርኛቸው። «የገዛ እህቱን ሰርግ አስታውሶ ነው የሠራው። አባቴ እዚህ ውስጥ አለ፣ እናቴ አለች። ቀኛዝማች ቢያዩት፣ ሰው መሆኔን ያውቃሉ።»

ይህ ቃል ወጋኝ። ቀኛዝማችን ለማሳመን ሄድኩ።

«ምነው፣ በሽምግልናዬ ጥላ ለማየት ነው የምትጎትተኝ?»

«ጌታዬ፣ ሸጋ ወግ ነው። ልጅ አባቷን ስታከብር፣ በወግ በማዕረግ ስትዳር ያያሉ።»

«ካፈርኩ በአንተ ነው!» አሉና እሺ አሉ። እኔ ባልሆን ማን ያስወጣቸው ነበር?

ደስታው አፌን ፈታው። ለሲኒማ ቤቱ ኃላፊ ለአያ ተሰማ፣ «ሰርጉን ቢያዩት! ቅቤው እንደ መገጭ ወንዝ ነው የሚፈስ፤ እሳት ላይ ሳይቀር ያፈሱታል» ብዬ ጉራዬን ነዛሁ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ጢም አለ። ቀኛዝማች ከፊት፣ መምህሩ ከጎናቸው ተቀመጡ። እኔ አስረዳለሁ፤ ሰዉ አፉን ከፍቶ ይሰማኛል። ልጅቷ እንስራዋን ይዛ ወንዝ ወረደች። ሸራው ጨለም አለና ሲበራ፣ ያቺው ልጅ ከአንድ ወንድ አጠገብ ቆማ ሕፃን ታቅፋለች።

«እሰይ! ማን ዳራት?» አለች አንዲት ሴት ከኋላ።

«ወንዝ ወርዳ ቀዳችው!» አለ ሌላው። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

ቀኛዝማች ብድግ አሉ። «የአገርህ ወግ ይህ ነው?» አሉ መምህሩን፤ ሁሉም ይሰማል። «ሴት ልጅ ካለችበት ግቢ ውጣልኝ!» ጋቢያቸውን አጣፍተው ሄዱ።

ደረጃውን በሁለት በሁለት ወጥቼ ማሽን ቤት ገባሁ።

«አያ ተሰማ፣ ሰርጉስ?»

«ጾም ነው እኮ ልጄ። ዓምና ዶሮ ወጥ ብናሳይ ሴቶቹ ‹ጾማችንን አስገደፋችሁን› ብለው አልጮኹም? ቅቤ ይፈሳል ያልከኝስ አንተ አይደለህ?»

የሰርጉ ፊልም ጥቅል እግራቸው ሥር ሳጥን ውስጥ ተኝቷል። በጾም ቅቤና ሥጋ ያለበትን ጥቅል እንደሚያስቀሩ አውቅ ነበር፤ በኩራቴ ረሳሁት። «የሰው ቤት አፈረስክ!» አልኩ፤ አንቱ ማለት ያን ቀን ቀረ። ማሽኑን አስቁሜ፣ መብራት አስበርቼ፣ ሸራው ፊት ቆምኩና ከመምህሩ እንደሰማሁት፣ ከሽማግሌ መላክ እስከ ምርቃቱ ሰርጉን በአፌ ደገስኩት። «ታዲያ ምነው ይህን ደበቃችሁን?» አለች ያችው ሴት።

መምህሩ ግን ወንበራቸው ላይ አልነበሩም። ቀኛዝማች ቤት ሮጬ ስደርስ መጻሕፍታቸውን ሲያስሩ አገኘኋቸው። ነገሩን አንድ በአንድ ለቀኛዝማች አስረዳሁ። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«ገባኝ» አሉ። «ግን በሰው ፊት ውጣ ብያለሁ። ቃሌን አልውጥም።»

እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ባይገባቸው ይቅር እል ነበር። አያ ትጉህ አንዱ ሥራው ሲበላሽ ሌላ ይጀምራል፤ ሰው አገር ያለ መምህር ግን ስንት ጊዜ ይጀምራል?

እኔ የማደርገውን አደረግሁ። በማግስቱ አልጋቸውን በጀርባዬ ተሸክሜ አዘዞ አክስቴ ቤት አስገባኋቸው። ጾሙ ሲፈታ ያን ፊልም ሰርጉ ሳይጎድል አሳየሁ፤ የቀኛዝማች ሚስት ከነልጃቸው መጥተው አለቀሱ። እኔ ሸራው አጠገብ እስከቆምኩ ድረስ አንድም ጥቅል አልተዘለለም። የመምህሩን ፊደል ተምሬ የአያ ትጉህን እውነተኛ ስም ያለ ስህተት ጻፍኩ፤ ዛሬም እጽፈዋለሁ፣ ያ ጎረምሳ ወረቀት ያምጣ። ቀኛዝማችን ብቻ፣ እስከ ቀብራቸው ድረስ እየተመላለስኩ፣ «ተሳስቻለሁ» ማሰኘት አልቻልኩም።