የከባድ ጥያቄ አስጠኚ

የውሃ አገልግሎቱን ቃል አቀባይ ጋዜጠኞች "ድልድዩ" ይሉታል። ስሙን ሲያወጡለት አልተሳሳቱም። ሰውየው የጠየቁትን አይመልስም፤ ጥያቄው ላይ ወጥቶ እሱ ወደሚፈልገው ማዶ ይሻገራል። ሲሻገርም በትህትና ነው። "ጥሩ ጥያቄ ነው" ብሎ ይጀምራል፣ ጠያቂውን ዓይን ዓይኑን እያየ። ቀጥሎ "ከምንም በላይ የሚያሳስበን" ይላል፤ ከዚያ ወሬው ሳይታወቅ አዲስ ስለተገዛው ፓምፕ ይሆናል። ሰሚው መልስ ያገኘ መስሎት ቤቱ ይገባል፣ ጫማውን ሲያወልቅ ነው ምንም እንዳልተነገረው ትዝ የሚለው።

ይህን ሙያ ከየትም ትምህርት ቤት አላመጣውም። እናቱ ቀድማ ስለሞተች ያሳደገችው ታላቅ እህቱ ናት። አባታቸው ቁጡ ነበሩ። ብርጭቆ ተሰብሮ "ማነው?" ያሉ እንደሆነ፣ እህትየው ገና ሳትጠየቅ ፊቷ ይለዋወጥና ከንፈሯ ይንቀጠቀጣል። መዋሸት አልፈጠረባትም። ስለዚህ መልስ መስጠት የትንሹ ልጅ ሥራ ሆነ። እሷ ከኋላው ትቆማለች፣ እሱ አባቱን አዋዝቶ፣ ወሬ አስቀይሶ ሁለቱንም ከኩርኩም ያድናል። "አንተ ልጅ በዚህ አፍህ ትበላለህ" ትለው ነበር። እንዳለችውም በላ።

የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ግን ከምላሱ ይልቅ የሚፈሩት ጥያቄውን ነው። ከእያንዳንዱ ጋዜጣዊ መግለጫ በፊት አለቆቹን ፎቅ ላይ ካለችው ጠባብ ክፍል አስገብቶ በሩን ይዘጋል። ክፍሏ ውስጥ ረጅም ጠረጴዛ፣ አልዘጋ ያለ መስኮትና ገመዱ የትም ያልተሰካ አሮጌ ማይክ አለ። ማይኩን አለቃው ፊት ያቆምና ጋዜጠኛ ሆኖ ይጠይቃል፤ ከጋዜጠኛም የከፋ ጋዜጠኛ። ደንቡ አንድ ነው፤ መጀመሪያ እውነቱ ይነገራል፣ ከዚያ ለሕዝብ የሚነገረው ይሠራል። ጉድጓዱ የት እንዳለ ያላወቀ ሰው ዘሎ ሊያልፈው አይችልም ይላል። እናም በዚያ ትልቅ ሕንጻ ውስጥ እውነት የሚነገርባት ክፍል ያቺ ብቻ ነበረች፣ የሚሰማትም እሱ ብቻ። የሰማውንም ሆድ ይፍጀው ብሎ ይዞ ይኖራል።

ከታችኛው ሰፈር ቧንቧዎች የሚወጣው ውሃ መሽተት የጀመረ ሰሞን ሥራ አስኪያጁን እዚያው አስቀመጣቸው። እህቱ የምትኖረው በዚያ ሰፈር ነው። ማይኩን አስጠግቶ "ውሃው ይጠጣል ወይስ አይጠጣም?" አላቸው።

ሥራ አስኪያጁ መነጽራቸውን አወለቁ። "ለልጄ አልሰጠውም" አሉ።

የፍሳሽ መስመር ፈንድቶ ከንጹሑ መስመር ጋር መቀላቀሉን፣ ጥገናው ጊዜ እንደሚወስድ፣ የሚያከፋፍሉበት ቦቴም እንደሌላቸው ዘረዘሩለት። አትጠጡ ካልን ምን እናጠጣቸዋለን፣ ከተማው ይታመሳል አሉ። ቃል አቀባዩ አልተከራከራቸውም። እንደ ልማዱ ወንበሩን ሳብ አድርጎ አረፍተ ነገሩን ይሠራ ጀመር። ሲጨርስ ሥራ አስኪያጁ አንብበው ወረቀቱን መለሱለት፤ አንተው ተናገረው አሉት።

ተናገረው። በቴሌቪዥን ፊት ለፊቱ የተቀመጠችው ወጣት ጋዜጠኛ ጥያቄውን ደጋግማ አነሳችበት፤ ይጠጣል ወይስ አይጠጣም፣ በአንድ ቃል ይመልሱልኝ አለችው። በጠየቀችው ቁጥር ፈገግ አለላት። "ጥሩ ጥያቄ ነው። የነዋሪዎቻችን ጤና ከምንም በላይ ያሳስበናል። እስከ ዛሬ በውሃው ታመመ ተብሎ የደረሰን ሪፖርት የለም።" ከቃሉ አንዱም ውሸት አልነበረም። ቢሮ ሲመለስ አጨበጨቡለት፣ እሱም አንገቱን ሰበር አድርጎ ጭብጨባውን ተቀበለ። አፈ ቅቤ ልበ ጩቤ የሚባለው የክፉ ሰው ስም ይመስለናል፤ ይሄ ሰው ግን ክፉ አልነበረም፣ ሥራውን አጣርቶ የሚያውቅ ሰው ነበር እንጂ።

የዚያን ዕለት ከቢሮ ሲወጣ ደረጃው ላይ ቆሞ ለእህቱ ደወለ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ውሃውን ሳታፈላ እንዳትነካው፣ ለማንም ትንፍሽ እንዳትል ነገራት። እሷ ግን መጀመሪያ ያሰበችው ጎረቤቷን ነው።

"ልብስ ሰፊዋስ? ልጅ አላት እኮ።"

"እትዬ፣ ለሷ ነገርሽ ማለት ለሰፈሩ ነገርሽ ማለት ነው። ከየት ሰማሽ ቢሉ ዞሮ ዞሮ እኔው ነኝ፤ ከሥራዬ ያባርሩኛል። ትንሽ ቀን ነው፣ ይጠገናል።"

ዝምታዋን እሺታ አድርጎ ስልኩን ዘጋ።

ልብስ ሰፊዋ ከእህቱ ጋር ግድግዳ ትጋራለች። ባል የላትም፤ ያላት የስፌት መኪናዋና የፊት ጥርሶቿ የወለቁ አንዲት ሴት ልጅ ናቸው። ልጅቷ ቃል አቀባዩን "ጋሼ ቴሌቪዥን" ትለዋለች። ቅዳሜ ቅዳሜ እህቱን ሊጠይቅ ሲመጣ ጭኑ ላይ ወጥታ በጥያቄ ታደርቀዋለች፤ ዓሣ ለምን አይሰምጥም፣ አንተ እዚያ ሳጥን ውስጥ በየት ገባህ። በዓለም ላይ ሳይሻገር የሚመልሰው የሷን ጥያቄ ብቻ ነበር። የማያውቀውን "አላውቅም" ይላታል፣ እሷም ትስቅበታለች።

የሚያንገበግበው ነገር እዚህ ላይ ነው። ልብስ ሰፊዋ ሽታውን ጠርጥራ ውሃውን ስታፈላ ነበር የሰነበተችው። ማፍላቱን የተወችው ድልድዩ በቴሌቪዥን ከተናገረ በኋላ ነው። የኛ ልጅ ነው የተናገረው፣ እሱ ለኛ አይዋሽም ብላ ለሰፈሩ ሁሉ አወራች። ማንቆርቆሪያዋን ሰቀለች። ከግድግዳው ወዲህ የእህትየው ድስት በሩ ተዘግቶ ይፍለከለካል።

ልጅቷ ሆዷን ታመመች። ሐኪም ቤት አደረሷት፣ አልተረፈችም።

ከዚያ በኋላ ሌሎችም ልጆች ታመው ተኙ፣ ጋዜጠኞቹ ግቢውን ሞሉት፣ ለማግሥቱ መግለጫ ተጠራ። ቃል አቀባዩ ማንንም አላስጠናም። ብቻውን ጠባቧ ክፍል ገብቶ በሩን ዘጋና እንደ ልጅ አለቀሰ። ሲበቃው ፊቱን ጠርጎ ወሰነ። ነገ እናውቅ ነበር እላለሁ፣ አለቀ። ከሥራ ቢያባርሩት፣ ቢያስሩትም ግድ አልሰጠውም። ከስንት ዘመን በኋላ ደረቱ ቀለል አለው።

በሩ ተንኳኳ፤ እህቱ ነበረች። ከልጅቷ ቀብር መመለሷ ነው፣ ጫማዋ ላይ አፈር አለ። አለቆቹ የሚቀመጡበት ወንበር ላይ፣ የሞተው ማይክ ፊት ተቀመጠች። ሊያቅፋት ሲነሳ በእጇ ተወኝ አለችው።

"ጠየቀችኝ" አለች።

ማን ብሎ አልጠየቃትም።

"ወንድምሽ ሲናገር ያውቅ ነበር ወይ አለችኝ። አንቺስ ስታፈዪ የነበረው አውቀሽ ነው ወይ አለችኝ። በግድግዳው ይሰማት ነበር ለካ።"

"ምን አልሻት?"

"የልጅሽ ነገር ከማንም በላይ ያንገበግበኛል አልኳት። እኔ ከድሮም አፍልቼ ነው የምጠጣው፣ ሆዴን ያመኛል አልኳት። ካንተ አፍ ምን እንደሰማሁ አልነገርኳትም።" ዓይኗን ማይኩ ላይ ተከለች። "አመነችኝ። አቅፋኝ አለቀሰች። ፊቴ ንቅንቅ አላለም፣ ወንድሜ። ያንተን ፊት ነው ያደረግኩት።"

ያችን አባቷ ፊት መቆም የሚያቅታትን ልጅ አሰባት፣ ከኋላው ሆና ኮቱን ጨብጣ የምትንቀጠቀጠውን። ነገ እውነቱን ሊናገር መሆኑን ነገራት። እፎይ ትላለች ብሎ ነበር የጠበቀው።

እሷ ግን ተነስታ ኮሌታውን አስተካከለችለት፣ ገና ሥራ የጀመረ ዕለት እንዳደረገችው። ከዚያ እጆቿ ኮሌታው ላይ እንዳሉ ቀሩ።

"ነገ አንተ አውቅ ነበር ካልክ፣ እኔም አውቅ ነበር ማለት ነው። ከሷ ጋር እኮ ግድግዳ ነው የሚለየን፤ እኔ የት እገባለሁ? ያልኩትን እንዳታፈርስብኝ።"

ይህን ብላ ወጣች። እሱ ወንበሩን ወደ ቦታው መለሰ፣ ማይኩንም እንዲሁ።

በማግሥቱ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ልብስ ሰፊዋ ከኋላ ቆማለች፣ ክንዷን የያዘቻት እህቱ ናት። ያቺ ወጣት ጋዜጠኛ እጇን አወጣች፤ መሥሪያ ቤቱ ቀድሞ ያውቅ ነበር ወይ ብላ ጠየቀች።

ቃል አቀባዩ ወደ ኋላ፣ ወደ ሁለቱ ሴቶች ተመለከተ። ከዚያ ዓይኑን ወደ ጋዜጠኛዋ መለሰ።

"ጥሩ ጥያቄ ነው" አለ።