ለወንድሜ ፊት የተተከለ አንቴና

ወንድሜ ወደ ጦር ሜዳ ከሄደ በኋላ ወሬው ጠፍቶ ሁለት ክረምት አልፏል። እናቴ መኖሩንም መሞቱንም ሳታውቅ፣ ማልቀስም መሳቅም አቅቷት ትውላለች። አንድ ቀን ጎረቤታችን፣ አዲስ አበባ ያለችውን ልጇን ጠይቃ ስትመለስ፣ የመንገዱን አቧራ እንኳ ሳታራግፍ ቤታችን ዘው አለች።

«አንቺ ሴት፣ እልል በይ! ልጅሽን በቴሌቪዥን አየሁት! ከግንባር ሰላምታ ከሚያቀርቡት ወታደሮች መካከል ቆሞ!»

«ስሙን ተናገረ?» አልኳት።

«ቤቱ ሙሉ ሰው እየተንጫጫ ምን ይሰማል? መልኩ ግን ራሱ ነው። የፊታችን እሁድ ይደግሙታል ተብሏል።»

እናቴ እልል አላለችም። ወደ እኔ ዞራ፣ «ያን ዕቃሽን አሠሪው» አለችኝ።

ዕቃሽ ያለችው ቴሌቪዥኔን ነው። ያኔ ደብረ ብርሃን አስተማሪ ነበርኩ፤ ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ከተዛወረ ባልደረባዬ አንድ አሮጌ ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን ገዝቼ ነበር። ድምፁ ደህና ነው፤ መስታወቱ ላይ ግን ነጭ ነገር ከመርመስመስ በቀር ሰው ከሰው አይለይም። አንኮበር ተወልዳ ያደገችው እናቴ «የአገሬ ጉም» እያለች ትቀልድበት ነበር። እኔም እሁድ ሳይደርስ ያን ጉም ካልገፈፍኩ ብዬ ማልኩ። ከማልኩ ደግሞ ወደ ኋላ የለም፤ ድርቅናዬን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ወጥቼ፣ ራዲዮና ሽቦ ወደሚሸጡ አንድ የአልዩ አምባ ሰው ሱቅ ሄድኩ። ሦስት ነገር ከመደርደሪያው አወረዱልኝ። አንደኛው ከውጭ የመጣ ባለብዙ ክንድ አንቴና ነው። እሱን አየሁት እንጂ አልነካሁትም፤ የአስተማሪ ደሞዝ የሚደፍረው አልነበረም። ሁለተኛው ቡስተር የሚሉት፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራ የምስል ማጉያ ትንሽ ሳጥን ነው። ሦስተኛው እዚሁ አገር የተሠራ፣ ክንዶቹ ጥቂት የሆኑ ርካሽ አንቴና። ቤት በአንቴና ፈንታ ያለኝ የተጠማዘዘ ሽቦ ብቻ ስለነበር፣ ወይ ቡስተሩን እዚያው ላይ መቀጠል፣ ወይ ርካሹን አንቴና ከደህና ሽቦ ጋር ረጅም እንጨት ላይ መስቀል ነበረብኝ። ሁለቱንም መግዛት አልችልም። አስተማሪው ሁሉ ቡስተር ቡስተር ይል ስለነበር የእኔም እጅ ወደ ሳጥኑ ሄደ።

«አባባ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ይሄ ምስሉን ያጠራልኛል?»

«ወላሂ ልጄ፣ አልዋሽሽም። እሱ የመጣለትን ነው የሚያጎላው። ጉም ካመጣሽለት ጉሙንም ያጎላልሻል።»

«ታዲያ ለምን ይሸጡታል?»

«ሰው ሲጠይቀኝ የለም ልበል?» ብለው ሳቁ።

ሳጥኑን መለስኩላቸው። ርካሹን አንቴና ከወፍራም ሽቦ ጋር ተሸክሜ ወጣሁ፤ ከጓሯችን ረጅሙን ባሕር ዛፍ አስቆረጥኩና ጫፉ ላይ አሰርኩት።

ስርጭቱ ሲመሽ ስለሚጀምር ሥራው ከደብረ ብርሃን ብርድ ጋር ትግል ነው። እንጨቱን በቆፈርኩለት ጉድጓድ ውስጥ ላላ አድርጌ አቁሜ፣ እኔ ውጭ አቅፌው አዞራለሁ፤ ጎረቤታችን በመስኮት ትጮኻለች፤ እናቴ ከመስታወቱ ፊት ቁጭ ብላለች።

«መጣ! መጣ! ሄደ! ምነው ነካሽው?»

ቅዳሜ ማታ ሰዉ እንደ ጥላ መታየት ጀመረ፤ ፊት ግን የለውም። እናቴ የምትፈልገው ደግሞ ፊት ነው። ጎረቤታችን «ወደ ጫጫ አድርጊው እንጂ!» ትላለች። ወደ ጫጫማ ካደረግኩት ቆየሁ፤ የከተማው አንቴና ሁሉ አዲስ አበባ ወደሚወስደው የጫጫ መንገድ ነው የዞረው።

«ዙሪያውን አዞረዋለሁ» አልኩ፣ እልኬ መጥቶ። «ካስፈለገም በተቃራኒው ወደ አንኮበር!»

«ኧረ ሰው ይስቅብሻል!»

«ይሳቅ!»

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እያልኩ፣ ጣቶቼ እየደነዘዙ፣ ፀሐይ ወደጠለቀችበት በኩል ጥቂት ጥቂት ገፋሁት። በመጨረሻ ከቤት ውስጥ «ቁሚ! እንዳትተነፍሺ!» የሚል ጩኸት መጣ።

«ምን ታየሽ?»

«ዜና የምታነበው ልጅ ጉትቻ!»

ለካ ወደ አዲስ አበባ የሚያደርሰው መኪና መንገድ በጫጫ ዞሮ ነው የሚሄደው፤ ምስል ግን ከአዲስ አበባ በቀጥታ እንጂ በአውቶቡስ አይመጣም። ከተማው በሙሉ አንቴናውን አውቶቡስ ወደሚሄድበት አዙሮ፣ እኔም አብሬ፣ ቴሌቪዥኑን ስንረግም ከርመናል። እንጨቱን በድንጋይ አጥብቄ ቀበርኩት፤ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም።

እሁድ ማታ ወታደሮቹ ተራ በተራ ቀረቡ። ጎረቤታችን «ይኸው! ይኸው!» ብላ ብድግ አለች። ሰፊ ትከሻ፣ ረጅም አንገት፣ ወደ ግራ ዘንበል ያለ ኮፍያ፤ እኔም ወንድሜ መሰለኝ። ከዚያ ምስሉ ቀረበ። የከንፈሩ ስንጥቅ ሳይቀር ይታያል። እናቴ ተነሥታ ፊቷን ወደ መስታወቱ አስጠጋች። ቆየች። ተመልሳ ተቀመጠች።

«የኔ ልጅ አይደለም።»

ጎረቤታችን አፏን በእጇ ያዘች። እኔ በገዛ እጄ ያጠራሁትን ምስል ጠላሁት። ባላጠራው ኖሮ እናቴ ዛሬ ልጇ በሕይወት አለ ብላ ታድር ነበር። ላጠፋው እጄን ስዘረጋ ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ። ልጁ ስሙንና አገሩን ተናግሮ፣ «እናቴ ሆይ፣ ደህና ነኝ፤ አታስቢ» እያለ ነበር።

«እሰይ፣ የኔ ጌታ፣ ደህና ሁን» ብላ መለሰችለት። እንባዋ ይወርዳል፤ ድምፅዋ ግን አልተንቀጠቀጠም። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«አገሬ እነዋሪ ነው አለ አይደል? ነገ ከእነዋሪ እህል ይዞ የሚመጣ ሰው አይጠፋም። ገበያ ወርደሽ ፈልጊውና ለእናቱ መልእክት ላኪላት። ልጅሽን በዓይናችን አይተነዋል፣ ደህና ነው በያት።»