ለጨረባ የተሰጠ ምትክ ቦታ

እኔ አናጢ ነኝ። መርካቶ፣ ሰባተኛ በሚባለው ሰፈር የቆዩ ሱቆች ፈርሰው ፎቅ ሲሠራ፣ በጣሪያቸው ሥር የጭቃ ጎጆ ሠርተው ይኖሩ የነበሩት ጨረባ የሚባሉ ወፎች ሜዳ ላይ ቀሩ። አንዲት የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያ የሕንፃውን ባለቤት ጋሼ ከድርን "ለወፎቹም ምትክ ቦታ ይስጧቸው" አለቻቸው። እሳቸውም አዛኝ ናቸውና እኔን ጠሩኝ።

የሠራሁትን የእንጨት ሳጥን አገላብጠው አዩና "በሩስ?" አሉኝ።

"ጋሼ፣ ወፍ እኮ ቁልፍ አይዝም።"

"መርካቶ መሆኑን አትርሳ!" ብለው በር አስገጠሙኝ። ከፎቁ ጋር እንዲሄድ ብለውም መስታወት አስጨመሩኝ።

ወፎቹ ይህን ቤተ መንግሥት ንቀው፣ ዋናው መግቢያ ላይ በወርቅ ቀለም በተጻፈው የሕንፃው ስም ላይ ጭቃቸውን መለጠፍ ጀመሩ።

"ውጣና ፋቅልኝ!" አሉ ጋሼ በንዴት።

ሆዴ እያዘነ መሰላል ላይ ወጣሁ። የመጀመሪያውን እፍኝ ጭቃ ፍቄ በእጄ እንደያዝኩ ባለሙያዋ ከች አለች።

"ሰውዬው እዚያ ላይ ምን እያደረገ ነው?" አለች ፊቷ ተለዋውጦ።

ጋሼ ዓይናቸውን በጨው አጥበው መለሱላት፦

"ለወፎቹ ጭቃ አቀባይ ቀጥሬላቸው ነው!"