አፌ ያበላሸው ድርሰት

ልጄ ስለ አሜሪካ የነጻነት ታሪክ በሚጻፍ የተማሪዎች የድርሰት ውድድር ልትካፈል መሆኑን የነገረችኝ ካርልተን ባለው ፎቃችን ወጥ ቤት ውስጥ ሽንኩርት ስልጥ ነው። «አሜሪካ ደግሞ ምንሽ ናት? የምንኖረው ሜልበርን!» አልኳት። እሷ ግን የታሪክ መምህርቷ ነግራት ልቧ ተነስቷል። አስራ አምስት ዓመቷ ነው፤ አንዴ ልቧ ከተነሳ የሚመልሳት የለም። በማን ወጣች እንዳትሉኝ።

ስድስት ቅዳሜና እሁድ ጻፈች። የመረጠችው ነገር ይገርማል። አሜሪካ ውስጥ ነጻ ወጥታችኋል ተብሎ ከታወጀ በኋላ፣ ወሬው ሳይደርሳቸው ከሁለት ዓመት በላይ በባርነት የቆዩ ሰዎች ነበሩ አለችኝ። «እማዬ፣ ነጻ መሆንሽን ማንም ካልነገረሽ፣ ነጻ ነሽ ይባላል?» ብላ በእንግሊዝኛ ጠየቀችኝ። እኔም «መጀመሪያ ሩዙን አውጪው፣ ሊያር ነው» አልኳት። በማግስቱ ዲር ፓርክ፣ የምሠራበት መጋዘን ውስጥ የመድኃኒት ካርቶን ስደረድር ጥያቄዋ ከአእምሮዬ አልወጣም። ይህቺ ልጅ ይህን ከየት አመጣችው እያልኩ ስገረም ዋልኩ። ለእሷ ግን ትንፍሽ አላልኩም።

እኛ ወሎ ያደግን ሰዎች ልጅን ፊት ለፊት አናወድስም። አንድም ዓይን ይፈራል፣ አንድም ልጁ ይባልጋል ይባላል። እናቴ ሰው «ልጅሽ እንዴት አምራለች» ሲላት «ኧረ ተዉኝ፣ ይቺ አመዳም!» ትል ነበር። ከመቶ ዘጠና ያመጣሁ ቀን ደግሞ «አስሩን ለማን ተውሽው?» አለችኝ። ክፉ ሆና አይደለም፤ ያን ሌሊት ዱዓ ስታደርግልኝ ሰምቻታለሁ። እኛ ዘንድ የሚያመሰግነን ሰው ሲመጣ ምስጋናውን ለሌላ ማሳለፍ ነው ጨዋነት።

ድርሰቱ ከገባ ከሳምንት በኋላ መምህርቷ ደወለችልኝ። ሥራ ቦታ የምሳ እረፍት ላይ ነበርኩ። ድርሰቱ ግሩም እንደሆነ፣ ትምህርት ቤቱን ወክሎ እንዲላክም እንደተመረጠ ነገረችኝ። በደስታ የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ። ጨዋነቴ ግን ቀደመኝ። «ኧረ እሷ ምን ታውቃለች! የእናንተ ሥራ ነው። አጎቷም ብዙ ደክሟል» አልኳት፣ ያውም ጥርት ባለ እንግሊዝኛ። አጎቷ ሆፐርስ ክሮሲንግ የሚኖረው ወንድሜ ነው፤ ድካሙም ድርሰቱን ቤቱ ባለው ማሽን ፕሪንት ማድረግ ብቻ ነበር። መምህርቷ «አጎቷ ድርሰቱን ረድቷታል?» አለችኝ። «በጣም እንጂ! እሱ ባይኖር ምን ይውጣት ነበር?» ብዬ ጨመርኩበት። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

በማግስቱ ረቡዕ፣ ልጄ ከትምህርት ቤት ገብታ ቦርሳዋን ወለሉ ላይ ወረወረችው። «ማም፣ ዋይ?» አለችኝ። እማዬ ማለቱን ስትተው መናደዷን አውቃለሁ። የውድድሩ ሕግ ተማሪው ብቻውን እንዲጽፍ ያዛል። እናቷ ራሷ ሌላ ሰው ሠራላት ስላለች ድርሰቷ ሊሰረዝ ነው፤ የተመረጡት የሚላኩት ደግሞ ዓርብ ነው። «ቺት አደረገች ብለሽ ነገርሻት!» አለችኝና አለቀሰች። «እኔ? መቼ ወጣኝ!» ብዬ ልቆጣ ዳዳኝ፤ መቆጣት ይቀናኛል። በስልክ ያልኩትን አንድ በአንድ ሳስታውሰው ግን በጣም አፈርኩ። ወንድሜ ጋ ብደውል በሳቅ ሞተ። «እህቴ፣ እኔ እኮ ወረቀት ነው የጨመርኩት፤ ደራሲ አደረግሽኝ?» አለኝ። እኔ ሳቅ አልመጣልኝም።

ሐሙስ ጠዋት ሺፍቴን ቀይሬ ከልጄ ጋር በእግር ወደ ትምህርት ቤቷ ሄድን። መምህርቷ ክፍሏ ውስጥ ወንበር ሰጠችን። «ድርሰቱን የጻፈችው ልጄ ናት፣ ብቻዋን» አልኩ።

«ታዲያ በስልክ ለምን እንደዚያ አሉኝ?»

«በእኛ አገር ሰው የራሱን ልጅ አያወድስም። ሲያመሰግኑለት ለሌላ ይሰጣል።»

መምህርቷ መጥፎ ሰው አይደለችም፤ ሕጉ ይዟት ነው። «ገባኝ። እንግዲያው እንዴት እንደጻፈችው፣ በዓይንዎ ያዩትን ይንገሩኝ» አለችኝ።

ጉድ ፈላ! ልጄ አጠገቤ ተቀምጣ እንዴት አድርጌ? አንገቴን ደፍቼ ጀመርኩ። የመጀመሪያውን ገጽ አራት ጊዜ ጽፋ አራት ጊዜ እንደቀደደችው ነገርኳት። ቤተ መጻሕፍቱ እስኪዘጋባት ድረስ ተቀምጣ ስታነብ እንደምትውል፣ ስለ ነጻነት የጠየቀችኝንም ጥያቄ ነገርኳት። አንዴ ከጀመርኩ ወዲያ ማቆም አቃተኝ። ከስምንት ዓመቷ ጀምሮ የቤት ኪራይ ፎርሜን የምትሞላልኝ እሷ እንደሆነች፣ ያልገባትን ነገር ገባኝ ብላ እንደማታውቅ፣ ከእኔም ከአባቷም እንደምትበልጥ፣ ይህቺን ልጅ ስለሰጠኝ በየቀኑ አላህን እንደማመሰግን ተናገርኩ። በየመሃሉ ማሻአላህ እላለሁ፤ በዓይን ነገር ቀልድ የለም። ከዚያ መምህርቷ ልጄን ስለ ድርሰቱ ሁለት ሦስት ነገር ጠየቀቻት። ሳትደናቀፍ መለሰች። ድርሰቱ ዓርብ እንደሚላክ ቃል ተገባልን።

ከወራት በኋላ ሦስተኛ ወጥታ የምስክር ወረቀት አገኘች፤ ወንድሜም ደራሲው እኔ ነኝ እያለ ለእሷ ከገዛነው ኬክ ትልቁን ቁራጭ ወሰደ። የዚያን ሐሙስ ጠዋት ግን፣ ከመምህርቷ ክፍል ስንወጣ፣ ልጄ እስከ ትምህርት ቤቱ በር ድረስ ሸኘችኝ። ቻው ብያት ልሄድ ስል ክንዴን ያዘችኝ።

«እማዬ» አለች፣ በተሰባበረ አማርኛዋ። «ያ ያልሽው ሁሉ እውነትሽን ነው? ወይስ ለውድድሩ ብለሽ ነው?»

የምትቀልድ መስሎኝ ፊቷን አየሁ። አልቀለደችም። እኔ እኮ እስከ ዛሬ የምታውቅ ይመስለኝ ነበር።

«እውነቴን ነው» አልኳት።

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

«እንደገና በዪው» አለችኝ።

ደወል ተደውሎ ተማሪው እየተጋፋን ሲገባ፣ በሩ ላይ ቆሜ፣ ዓይን ዓይኗን እያየሁ ከመጀመሪያው ጀመርኩላት።