ዘይቱ ውስጥ የተገኘው ላምባ

ጎረቤቴ ጋሽ ታከለ ዛሬ ከጎንደር ሆስፒታል ደባርቅ ገቡ። ተሽሏቸዋል፤ ልጃቸውም አብራቸው ናት።

እኔን ያንጨረጨረኝ ሊጠይቃቸው የመጣው ሰው ነው፤ የደርግ ጊዜው የቀበሌ ሊቀመንበራችን።

ጋሽ ታከለ ያኔ የቀበሌው ወፍጮ ሞተር ሠራተኛ ነበሩ። አንድ ጠዋት ሞተሩ እንደሞቀ የዘይት ግፊት መለኪያው ጌጅ ወደ ዜሮ ወረደ። ወዲያው አጠፉት። ዘይቱን በጣታቸው ነክተው አሸተቱና "ላምባ ገብቶበታል፤ ቀጥኗል" አሉ።

"አንተው ነህ የጨመርከው፣ አሻጥረኛ" ብሎ ሊቀመንበሩ አሳሰራቸው። ስማቸውም አሻጥረኛ ተብሎ ቀረ።

ላምባውን የጨመረው ግን ራሱ ሊቀመንበሩ ነበር። በብርዱ ዘይቱ ረግቶ ሞተሩ አልነሳ ቢለው፣ እሳቸው ሳይመጡ ገለበጠበት፤ አዋቂ ነኝ ባይ። እህል ይዤ ተራ ስጠብቅ በዓይኔ አይቻለሁ። ፈርቼ ዝም አልኩ።

ዛሬ አልጋቸው አጠገብ ተቀምጦ "ታከለ፣ ያን ሞተር ባታበላሽብን ኖሮ" እያለ ይስቃል።

"ላምባውን ስትጨምር አይቼሃለሁ" አልኩት። ኮፍያውን አንስቶ ወጣ።

ጋሽ ታከለ አላመሰገኑኝም። ቀና ብለው አዩኝና "ለካ አንቺም እዚያ ነበርሽ" አሉኝ።

እናንተስ፣ ይህን ያህል ዘግይታችሁ የተናገራችሁት እውነት አለ? ምን ተባላችሁ?